ተረቴን መልሱ፦ የባሕር ዳሯ መጽሐፍ ማከራያና ከእሷ የወሰድኳቸው የእንስሳት ተረቶች

ቤቷ ስም የላትም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያው በሚያወጣው መንገድ ገባ ብሎ፣ ልብስ ሰፊዎች ከተደረደሩበት በረንዳ ጎን፣ አንዲት ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለች። በሩ ላይ በጠመኔ «መጽሐፍ ይከራያል» ተብሎ ተጽፏል። ዝናብ ሲያጥበው እንደገና ይጻፋል። ውስጥ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህች ቤትና ከእሷ ስለተከራየኋቸው ሁለት ቅጽ የአፍሪካ እንስሳት ተረቶች መጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ።

ሥራዬ ጀልባ መንዳት ነው። እንግዳ ጭኜ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት እሄዳለሁ። በዚህ ሥራ ከመንዳቱ ይልቅ መጠበቁ ይበዛል። ዘጌ ላይ እንግዶቹ ወርደው በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይወጣሉ። ሥዕሉን አይተው እስኪመለሱ ሁለት ሰዓት ይሄዳል፤ አንዳንዴ ሦስት። ድሮ ያን ሰዓት በስልክ ነበር የማሳልፈው። ባለፈው ክረምት ስልኬ ተበላሸና መጽሐፍ ፍለጋ ያቺን ሰማያዊ በር ገፋሁ።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። አሠራራቸው ቀላል ነው። 200 ብር መያዣ ታስቀምጣለህ፤ ኪራዩ በቀን 10 ብር ነው። ስምህን በትልቅ መዝገብ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉታል። መታወቂያ አይዙም። እኔ ልብ ወለድ ነበር የፈለግኩት። እሳቸው ግን ቀና ብለው አዩኝና «ልጆች አሉህ?» አሉኝ። «ሁለት አሉኝ ጋሼ» አልኳቸው። ተነሥተው ከላይኛው መደርደሪያ ሁለት መጽሐፍ አወረዱ። «እንግዲያው እነዚህን ውሰድ። ስትመልስ ልጆቹን ይዘህ ና።»

ለምን እንደሆነ የገባኝ በሳምንቱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ መጽሐፉን ተቀብለው ገጽ ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና ወደ ሴቷ ልጄ ዞር አሉ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «በይ የኔ ልጅ፣ ተረቴን መልሺ» አሏት። እሷ መጽሐፉን ጠቆመች። «እሱማ ወረቀቱ ነው። ተረቴን ነው ያልኩሽ።»

ከወሰድናቸው ተረቶች አንዱን በቃል መንገር አለባት ማለት ነው። ነገረች። ስትጨርስ «አሁን ምን ትያለሽ?» አሏት። «አፌን በዳቦ አብሱ!» ጋሼ ከመደርደሪያው ሥር መሶብ አወጡና ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። ለትንሹም ሰጡት። የዚያን ቀን ኪራይ አልተቀበሉኝም።

«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የተረት መዝጊያ ነው ብዬ ነበር የማልፈው። ተረት የውሰት ዕቃ እንደሆነ፣ የሰማ ሰው መመለስ እንዳለበት ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። መጽሐፍ ማከራያ ውስጥ ቆሜ፣ ልጄ ዳቦ ስትጎርስ እያየሁ ነው የገባኝ።

ወደ መጽሐፎቹ ልምጣ። ተረቶቹ ከጋና፣ ከናይጄሪያ፣ ከሴኔጋል፣ ከኬንያ፣ ከዛምቢያ፣ ከእኛም አገር የተሰበሰቡ ናቸው። የጋናው የአካን ሕዝብ ተረት መጀመሪያ ላይ ነው ያለው፤ ጥሩ አድርገዋል። አናንሲ የሚባል ሸረሪት አለ። ያን ጊዜ የዓለም ተረት ሁሉ የሰማዩ ጌታ የንያሜ ነበር። ሰው የሚያወራው ተረት አልነበረውም። አናንሲ በድሩ ወደ ሰማይ ወጣና «ተረቶቹን ልግዛ» አለ። ዋጋው ከባድ ነው። ዘንዶ፣ ነብር፣ የተርብ መንጋና ሞአቲያ የምትባል የጫካ መንፈስ ይዘህ ና ተባለ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ሚስቱን ነው። አሶ ትባላለች። ዘንዶው እንዴት እንደሚያዝ ዘዴውን የምትሰጠው እሷ ናት። አናንሲ የዘንባባ ዝንጣፊ ይዞ ወንዝ ዳር ይሄዳል፤ ብቻውን እየተከራከረ። «ይረዝማል።» «አይረዝምም።» ዘንዶው ይሰማና «ምንድን ነው?» ይላል። «ከሚስቴ ጋር ተጨቃጭቀን ነው። አንተ ከዚህ እንጨት ታጥራለህ ትላለች።» ዘንዶው ልለካ ብሎ ከእንጨቱ ጎን ይጋደማል። ጠፍሮ አሰረው፤ በቃ። ለተርቦቹ ደግሞ ቅል ይዞ ይሄዳል። ውኃ ይረጭባቸውና «ዝናብ መጣ፣ እዚህ ግቡ» ይላቸዋል። ሲገቡ አፉን ይደፍነዋል።

ይህን ተረት ለልጆቼ ሳነብ መብራት ጠፍቶ ነበር። በስልክ መብራት ነው ያነበብኩት፤ ስልኬ ያን ጊዜ ተሠርቷል። ልጄ አቋረጠችኝ። «አባዬ፣ ሸረሪቷ ሴት ናት ወንድ?»

ትክክል ናት። ትርጉሙ ላይ ያለው ትልቁ ችግር ይህ ነው። በአንድ ገጽ ላይ «ሸረሪቷ ዛፉ ላይ ወጣች» ይላል። ሁለት መስመር ወረድ ብሎ «ሚስቱንም ጠራት» ይላል። በእኛ አፍ ሸረሪት ሴት ናት። በአካን ተረት አናንሲ ወንድ ነው፣ ባለትዳር ነው። ተርጓሚው አንዱን መምረጥ ነበረበት። ልጄ ግን እዚያው ፈታችው። «አያ ሸረሪቶ እንበለው» አለች። አያ ጅቦ፣ አያ አንበሶ እንደምንለው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አናንሲ «አያ ሸረሪቶ» ነው። መጽሐፉ እንደገና ከታተመ እንዲህ ቢባል ደስ ይለኛል።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያልነው እኮ እኛ ነን» አለች። እውነቷን ነው። እኛም ለሸረሪት ድር ክብር አለን። የእኛ ድር ግን የሚያስረው ሲያብር ነው፣ ብዙ ሲሆን። አናንሲ ብቻውን ነው፣ ትንሽ ነው፣ ያለው ዘዴው ብቻ ነው። በእኛ ተረት ያን ቦታ የያዘችው እመት ጦጢት ናት። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ጥንቸል ነው። በስዋሂሊ ሱንጉራ፣ በዛምቢያና በማላዊ ካሉሉ ይሉታል። ዘጌ ላይ ጦጣዎቹ ከቡናው ዛፍ ወርደው የእንግዳ ሙዝ ነጥቀው ሲሮጡ ሳይ፣ አባቶቻችን ለምን እሷን እንደመረጡ አይጠፋኝም።

የናይጄሪያዎቹ ኢግቦዎች የኤሊ ተረት ቤታችንን አተራምሶት ነበር። ወፎች ሰማይ ላይ ድግስ ተጠርተዋል። ኤሊ ለመናቸውና እያንዳንዳቸው ላባ ሰጡት። መንገድ ላይ «ለድግስ ሲኬድ አዲስ ስም ይወጣል» አላቸው። ሁሉም ስም አወጡ። እሱ «የኔ ስም ሁላችሁም ነው» አለ። ድግሱ ቀረበ። ኤሊ «ይህ ምግብ ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ለሁላችሁም» አሉት። በላው! ወፎቹ ተናደው ላባቸውን መልሰው ወሰዱ። እሱም ለሚስቱ መልእክት ላከ፤ ደጁ ላይ ለስላሳ ለስላሳውን ታንጥፍልኝ ብሎ። በቀቀን መልእክቱን ገልብጣ ጠንካራ ጠንካራውን አስወጣችበት። ወድቆ ቅርፊቱ ተሰነጣጠቀ። ዛሬም የኤሊ ጀርባ የተጣጣፈ የሚመስለው ለዚህ ነው ይላሉ።

ይህ ተረት ለአማርኛ የተሠራ ነው የሚመስለው። በማግሥቱ ባለቤቴ ዓሣ ጠበሰች። ቆረሶ ነበር። ሳህኑን አስቀምጣ «ለሁላችሁም ነው፣ ተካፈሉ» አለች። ልጄ ሳህኑን ሳብ አድርጋ «እኔ ነኝ ሁላችሁም» አለች። ትንሹ አለቀሰ። ሳምንት ሙሉ በዚህ ስም ስንጣላ ከረምን። በመጨረሻ ትንሹ ራሱ መላ አገኘ። «እኔ በቀቀን ነኝ» አለና ትራሷን ከአልጋው ላይ ወሰደባት።

የጉማሬውን ተረት ደግሞ ለሥራዬ ተጠቀምኩበት። ጉማሬ ድሮ የብስ ላይ ይኖር ነበር። ፀሐይ አቃጠለችው። ፈጣሪን «ውኃ ውስጥ ልኑር» ብሎ ለመነ። ፈጣሪም «ዓሣዎቼን ትጨርስብኛለህ» አለው። ጉማሬ ማለ። «አንድም ዓሣ አልበላም። አፌን እየከፈትኩ አሳይሃለሁ። ፋንድያዬንም በጭራዬ እበትነዋለሁ፣ የዓሣ አጥንት እንደሌለበት ታያለህ።» ኬንያ አካባቢም ወደ ደቡብ ወርዶም የሚነገር ተረት ነው።

የጣናን ጉማሬ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተረት ያስደነግጣል። የተረቱ ባለቤቶች እንስሳውን ቁጭ ብለው አይተውታል። ጉማሬ ሣር በል ነው። ማታ ማታ ወጥቶ ይግጣል። ፋንድያውን በጭራው እየመታ ሲበትነው ስንቴ አይቻለሁ፤ ተረቱን እስካነብ ግን ለምን ብዬ አላሰብኩም። አፉን ሲከፍት ያዛጋ ይመስላል። ማስፈራራቱ ነው። እኛ ጀልባ ነጂዎች ያን ጊዜ ሞተር ቀንሰን ራቅ እንላለን። በጥር ከአዲስ አበባ የመጡ ቤተሰብ ይዤ በማለዳ ወደ ዓባይ መውጫው ስሄድ ተረቱን መንገድ ላይ ነገርኳቸው። አንድ ትንሽ ልጅ ነበራቸው። ጉማሬው ብቅ ብሎ አፉን ሲበረግደው ልጁ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «እያሳየው ነው! ለእግዜር እያሳየው ነው!» አባቱ ቀበቶውን ይዞ አስቀመጠው። ስንት ዓመት እንግዳ ስወስድ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አላየሁም።

ስለ ጅቡ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በሴኔጋል ወሎፎች ጅብን ቡኪ ይሉታል። ሆዳም ነው፣ ሁልጊዜ ይታለላል። ቁርጥ የእኛ አያ ጅቦ። (ተርጓሚው «ቡኪ» ብሎ ብቻ ስላለፈው፣ ልጆቼ ጅብ መሆኑን ያወቁት ተረቱ ሊያልቅ ሲል ነው። አንድ ቃል ጣል ቢያደርግ ምን ነበረበት።) ቡኪ ዛሬ ሄይቲም ይኖራል። በባርነት የተጫኑ ሰዎች ናቸው ይዘውት የሄዱት። አናንሲም እንደዚሁ ጃማይካ ደርሷል። ጥንቸሉም አሜሪካ ደቡብ ገብቷል። እኔ የጀልባ ሰው ነኝና መርከቡን ነው ያሰብኩት። ከታች በሰንሰለት ታስረው፣ ልብስ እንኳ ሳይኖራቸው፣ ለወራት በማያውቁት ባሕር ላይ። እጃቸው ላይ የሚቀማ ነገር አልቀረም። ተረቱን ግን ማንም ሊፈትሽባቸው አልቻለም። ይህን ካሰብኩ በኋላ ለብዙ ቀን ዘጌ ላይ ስቀመጥ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ ውኃውን አይ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሦስት ነገር አለ። ሁለቱ ቀላል ናቸው።

ሥዕሎቹ ላይ ነብር ባለ መስመር ሆኖ ተስሏል። መስመር ያለው የእስያው አውሬ ነው፤ አፍሪካ ምድር ላይ አይኖርም። የእኛ ነብር ጠቃጠቆ ነው። የልጆች መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት መታለፍ የለበትም። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ቅጽ ስምንት ገጽ ጎድሎታል። ጥንቸሉ ዝሆንንና ጉማሬን በአንድ ገመድ ያጓትታቸዋል፤ ሁለቱም ከጥንቸሉ ጋር የሚጎትቱ ይመስላቸዋል፤ ልክ እዚያ ላይ ገጹ የለም። ጋሼ ባዶ ወረቀት ለጥፈው «መጨረሻውን የምታውቁ ጻፉልኝ» ብለዋል። ሦስት ሰው በሦስት የእጅ ጽሑፍ ሦስት መጨረሻ ጽፏል። በአንዱ ገመዱ ይበጠሳል፣ በሌላው ሁለቱ ተገናኝተው ይተዋወቃሉ። ሦስተኛው በልጅ እጅ የተጻፈ ነው፤ «እስካሁን እየተጓተቱ ነው» ይላል። የጎደለው ገጽ ቢገኝ እንኳ ያን ወረቀት እንዳይነቅሉት ለምኛቸዋለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ግን የምሬን ነው። በየተረቱ መጨረሻ በሳጥን ውስጥ «የተረቱ ትርጉም» የሚል አለ። ይህን አልወደድኩትም። ለምን እንደሆነ በአንድ ተረት ላሳያችሁ። ከእኛ አገር ከተወሰዱት አንዱ ነው፤ አያቴ መራዊ እያለን ትነግረን የነበረውም ይኸው ነው።

ድርቅ ሆነ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰበሰቡ። ዝናቡን የከለከለን ኃጢአታችን ነው፣ እንናዘዝ ተባባሉ። አንበሳ «እኔ ከመንደር ወይፈን ነጥቄ በልቻለሁ» አለ። ሌሎቹ ፈርተውታልና «ኧረ ይሄ ኃጢአት አይደለም» አሉት። ነብር «ፍየል በልቻለሁ» አለ። «ኃጢአት አይደለም።» ጅብ «ዶሮ ሰርቄ በልቻለሁ» አለ። «ኃጢአት አይደለም።» አህያ ተራው ደረሰ። «ጌታዬ ጭኖኝ ሲሄድ ወዳጁን አገኘና ቆመው ሲያወሩ፣ እኔ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ሣር ነጨሁ» አለ። ሁሉም ዝም ብለው ተያዩ። «አገሩን ያጠፋው ይህ ነው!» አሉ። ያዙና በሉት።

መጽሐፉ እዚህ ላይ ሦስት መስመር ትርጉም ይሰጣል። አያቴ ግን እዚህ ላይ ነው የምታቆመው። «በሉት» ትላለች፤ ከዚያ ኩራዙን እፍ። ጨለማ ነው። ከብቶቹ ከጋጣቸው ይተነፍሳሉ። እኔ ስለ አህያው እያሰብኩ አይኔ አይከደንም። ሣሩ ስንት ቢሆን ነው? ለምን ተናገረ? ለምን ዝም አላለም? በቀን ስንጠይቃት «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ሲባል አልሰማችሁም?» ብላ ትሄዳለች እንጂ አትፈታውም። ነገሩን የፈታሁት ቆይቼ ነው። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አንድ ቦታ ላይ በትንሹ ጥፋት ትንሹ ሰው ሲቀጣ ስመለከት። ያን ቀን አያቴ አጠገቤ የነበረች መሰለኝ። ትርጉሙን በስድስት ዓመቴ በሳጥን አድርጋ ሰጥታኝ ቢሆን እዚያው ረስቼው ነበር።

ስለዚህ ስታነቡላቸው ሳጥኑን ዝለሉት። እኔ በእጄ እሸፍነዋለሁ። ልጄ አሁን አሁን ራሷ ትሸፍነዋለች።

ያ ሁሉ ጉድለት እያለ መጽሐፎቹን ውሰዱ እላለሁ። አማርኛው ከዚያ በተረፈ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ አይጎረብጥም። ከአምስት ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ ይከታተለዋል። የጋሼ ቤት ደግሞ አንደኛ ናት። ገዝቼ ባነባቸው ኖሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ ነበር። መመለስ ስላለባቸው ነው በልባችን የያዝናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የአያ ሸረሪቶን መለሰች። በእሷ አነጋገር ዘንዶው የሚለካው በዘንባባ አይደለም፣ በደንገል ነው። አያ ሸረሪቶም ዘንዶውን ታንኳ ላይ ጭኖ በውኃው ላይ ነው የሚወስደው። አጠገቤ የነበረ ሌላ ልጅ «እንዲያ አይልም» አላት። ጋሼ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። ስትጨርስ ዳቦውን ከሌላ ቀን ወፈር አድርገው ቆረሱላት። ከዚያ ደብተራቸውን ከፍተው «ታንኳው ላይ እንዴት አድርጎ ነው ያሰረው ያልሽኝ?» ብለው መጻፍ ጀመሩ።

መሄድ የምትፈልጉ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ዳቦው የሚኖረው ያን ቀን ነው። እሑድ ዝግ ነው። ዝርዝር ብር ያዙ፣ ጋሼ መልስ አይኖራቸውም። የመጀመሪያው ቅጽ መደርደሪያው ላይ አለ። ኤሊው ያለበት ሁለተኛው አሁን እኔ ጋ ነው፤ ረቡዕ ከዘጌ ስመለስ አደርሰዋለሁ።